ተረት በዲግሪ፤ ፈታኙ ማን ይሁን?

«ተረት ለመማር ነው ዩኒቨርሲቲ የምትገባው?» የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው መልስ ሳይሆን ሳቅ ነው። በሳቂዎቹም አይፈረድም። በአማርኛችን «ተረት» የሚለው ቃል ከብዙ ዘመን ጀምሮ ፍሬ የሌለውን ወሬም ሲያመለክት ኖሯል። የማይታመን ነገር ስንሰማ «ተረት ተረት አታውራ» እንላለን፤ የነበረ ነገር ሲጠፋ «ተረት ሆኖ ቀረ» እንላለን። እንግዲህ የተረት ማስተርስ የሚል ወረቀት ይዞ ቤተሰቡ ዘንድ የሚገባ ልጅ ምን እንደሚባል ለመገመት አያዳግትም። አባት ለጎረቤት ምን ብሎ ያስረዳል? እናትስ «ልጄ ምን ተማረ?» ስትባል?

ይሁን እንጂ ነገሩ የቀልድ ነገር አይደለም። ከመካከላችን ዘንድሮ የሚመረቁ፣ ከምረቃ በኋላም በሥነ ቃል ወይም በዚያው አካባቢ ሁለተኛ ዲግሪ ለመቀጠል የሚያስቡ ጓደኞች አሉን። ሁለት ዓመት ዕድሜያቸውን፣ ቤተሰባቸውም ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ሊሰጡበት ነው። በሌላ በኩል ተረቱን የሚያውቁት አያቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ማንሣት ግዴታችን መስሎ ታይቶናል። አንደኛ፣ ተረት መንገር በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ሊማሩት የሚገባ ሙያ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ሙያ ከሆነስ ተማሪውን ፈትኖ «አልፈሃል፣ ወድቀሃል» ማለት የሚችለው ማን ነው? በበኩላችን ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን «አዎን» ነው። የሚያስጨንቀን ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ሲነሣ አንሰማውም።

በመጀመሪያ ነገሩ ከተሞከረበት አገር እንጀምር። ቴነሲ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ በተራራማው ምሥራቃዊ ክፍል ጆንስቦሮ የምትባል ትንሽ ጥንታዊ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1973 በጥቅምት ወር ጂሚ ኒል ስሚዝ የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር በዚያች ከተማ የተረት በዓል አዘጋጀ። ሐሳቡ የመጣለት በመኪና ሲሄድ በሬዲዮ የሰማውን የአንድ ቀልደኛ ጨዋታ መነሻ አድርጎ ነው ይባላል። መድረኩ አሮጌ ጋሪ፣ ወንበሩ የሣር ነዶ ነበር፤ የመጣውም ሰው ጥቂት ነበር። ያች ትንሽ ስብሰባ ዓመት እየጠበቀች ስትደገም፣ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ከየአገሩ ብዙ ሺህ ሰው በትልልቅ ድንኳን ሥር ተቀምጦ ተረት የሚሰማባት በዓል ሆነች። ተረት ነጋሪነትም ሰው የሚኖርበት፣ ቲኬት የሚሸጥበት፣ ማኅበር የሚቋቋምለት ሥራ ሆነ።

ከዚህች ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በጆንሰን ሲቲ የኢስት ቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በዚህ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፍሎራ ጆይ በተባሉ የንባብ ትምህርት መምህርት አማካይነት ተረት መንገር በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ መሰጠት ጀመረ። ዲግሪው መጀመሪያ በንባብ ማስተማር ሥር የተጠለለ ነበር። ይህም የሚነግረን ነገር አለ፤ ተረት እዚያም ቢሆን በራሱ ስም ደጃፉን አልፎ መግባት አልቻለም ነበርና በሕፃናት ንባብ ጥላ ሥር ሆኖ ነው የገባው። ተማሪው ተረት መምረጥን፣ ድምፁንና አካሉን መግዛትን፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በመድረክ መንገርን ይማራል። ዋናው ነገር ይኸ ነው፤ ተማሪው ስለ ተረት ብቻ ጽፎ አይወጣም፤ ሰው ፊት ቆሞ ይናገራል።

ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዝም ብለን የምናጨበጭብለት ነገር አይደለም። በ1973ቱ በዓል ላይ ከተናገሩት አንዱ ሬይ ሂክስ የተባለ ሰው ነበር። ሬይ ሂክስ በሰሜን ካሮላይና በቢች ማውንቴን ተራራ የሚኖር፣ የተማረው ትምህርት ጥቂት የነበረ ገበሬ ነው። የሚናገረው ስለ ጃክ፣ ማለትም ስለዚያ ብልጥ ድሀ ልጅ፣ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደውን ተረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 አገሩ ለባህል ባለሙያዎች የምትሰጠውን ትልቁን የክብር ሽልማት ተሸለመ፤ በ2003 ዐረፈ። ተረቱን የተማረው እጁ ሥራ እየሠራ፣ ባቄላ ሲፈለፈል ሥራ ሲበጠስ፣ ጆሮው ከአያቱ አፍ ሳይለይ ነው። በድንኳኑ ሥር የሚነገረው ተረት ግን ሥራ የለውም፤ የሚፈለፈል ባቄላ የለም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይጀምራል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ያበቃል። ከመድረኩ የወረደው ነጋሪ በማግሥቱ ሌላ ከተማ ሌላ ሕዝብ ፊት ነው። ተረቱ አብሮት ይሄዳል፤ ቢች ማውንቴን ግን አብሮት አይሄድም።

ከዚህ ቀደም ብሎም ሪቻርድ ቼዝ የተባለ ሰው ከነዚሁ ተራራ ቤተሰቦች የጃክን ተረቶች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1943 በመጽሐፍ አሳትሟል። መጽሐፉ እጅግ የተወደደ መጽሐፍ ነው። ቼዝ ግን የልዩ ልዩ ሰዎችን አነጋገር እየቀላቀለ አንድ ወጥ አድርጎ ነው የጻፈው፤ በዚህም የሥነ ቃል ሊቃውንት ነቅፈውታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ አሜሪካዊ ነጋሪ ተረቱን ያገኘው ከተራራው ሰዎች አፍ ሳይሆን ከቼዝ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ የአሜሪካው መንገድ ድክመት እዚህ ላይ ነው፤ መንገርን ያስተምራል፣ ነጋሪውንም ሰው ፊት ያቆማል፣ ነገር ግን የተረቱን ባለቤቶች ከአድማጮቹ መካከል የሚያስቀምጥ ሕግ የለውም። ቲኬት የገዛው ሰው ካጨበጨበ በቂ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አገራችን በቃል ባለሙያዎች ድሀ አይደለችም፤ ለየሙያውም ስም ሰጥታለች። በመሰንቆ የሚገጥመው አዝማሪ ነው። በለቅሶ ቤት የሟቹን ሙያ እያነሣች የምታስለቅሰው አልቃሽ ናት። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞረ የሚያዜመው ላሊበላ ነው። ቅኔ የሚዘርፈው ባለቅኔ፣ ዜማ የሚመራው መሪጌታ ነው። ለመሆኑ ተረት የሚነግረው ማን ይባላል? እስቲ አስቡት። «ጨዋታ አዋቂ» እንላለን፣ «ወገኛ» እንላለን፤ ሁለቱም ግን ጠባይን እንጂ ሙያን አይናገሩም። የተረት ነጋሪዋ ስም «አያቴ» ነው። ሙያዋ ከዝምድናዋ አልተለየም።

ይህ የስም አለመኖር ሁለት ውጤት አስከትሏል። አንደኛው መልካም ነው። ተረት የማንም ሆኖ ስለኖረ ማንም ሊናገረው ይችላል፤ የተወሰነ ዘር፣ የተወሰነ ማኅበር አልያዘውም። አዝማሪው በሙያው ምክንያት የደረሰበት ንቀት በተረት ነጋሪዋ ላይ አልደረሰም። ሁለተኛው ግን ክፉ ነው። የሁሉ የሆነ ነገር ጠባቂ የለውም። አዝማሪ ሲሞት ልጁ መሰንቆውን ያነሣል፤ የቅኔ መምህር ሲሞት ወንበሩን የሚተካ ደቀ መዝሙር ይፈለጋል፤ አያት ስትሞት ግን «ተረቷን ማን ይተካ?» ብሎ የሚሰበሰብ የለም። ለዚህም ነው ተረት መንገር በዩኒቨርሲቲ ቦታ ይሰጠው ስንል ቅንጦት መጠየቃችን ያልሆነው። የምንጠይቀው ጠባቂ ለሌለው ሙያ ጠባቂ ነው።

«እንዴ! በሥነ ቃል ማስተርስ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች በአገራችን አሉ አይደለም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። አሉ። ተረትን ከቃል ወደ ጽሑፍ የማምጣት ሥራም ትናንት የተጀመረ አይደለም። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው የኢትዮጵያን ተረቶች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት»ን በ1948 ዓ.ም. ሲያሳትሙ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና አልታተመም ነበር፤ ትልቁ የልብ ወለድ ደራሲያችን በተረት በኩል አድርገው ነው የመጡት። ፈቃደ አዘዘም በሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ስለ ድርቅና ስለ ረሀብ የገጠሙትን ቃል ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1998 ባያሳትም ኖሮ፣ በ1977ቱ ረሀብ የተራበው ሰው በራሱ አንደበት ምን እንዳለ ለማወቅ በባዕድ ጋዜጠኛ ፊልም ብቻ በተወሰንን ነበር። ስለዚህ መሰብሰብን አናቃልልም። መሰብሰብ ባይኖር ይህን ጽሑፍ እንኳ ልንጽፍ አንችልም ነበር።

ነገር ግን መሰብሰብ ሌላ፣ መንገር ሌላ ነው። የእኛን አገር የማስተርስ ጥናት ልማድ እንየው። ተማሪው ስልኩን ይዞ ወደ ገጠር ይወጣል። አንዲት እናት ወይም አንድ ሽማግሌ ያገኛል። ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ሥራ አስፈትቶ «ተረት ይንገሩኝ» ይላል። ተረት የማታ ነገር መሆኑን እየሰማን ስላደግን፣ ሽማግሌው ለምን እንደሚያፍሩ እናውቃለን። ያም ሆኖ ይነግሩታል። ተማሪው አንድ አሥር አሥራ አምስት ያህል ተረት ይቀዳል፤ ወደ ከተማ ተመልሶ ይገለብጣል፤ ተረቱ በአፋን ኦሮሞ፣ በአገውኛ ወይም በጉራግኛ የተነገረ ከሆነ ይተረጉማል፤ ከዚያም በምዕራፍ ሁለት የውጭ ሊቃውንት የተናገሩትን ይደረድራል፤ በምዕራፍ አራት «የተረቱ ፋይዳ» ብሎ «ያስተምራል፣ ያዝናናል፣ ይገሥጻል» ይላል። ተረቶቹስ? ከጥናቱ መጨረሻ በአባሪ ይቀመጣሉ። ብዙ ጊዜም ጥናቱ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ተረቱን የነገሩት ሰዎች ልጆች እንኳ ሊያነቡት አይችሉም።

ተማሪውን ማነው የፈተነው? ሁለት ሦስት መምህራን ናቸው፤ የተማሩ፣ የተከበሩ። የጠየቁትም ስለ ንድፈ ሐሳቡ፣ ስለ ናሙና አመራረጡ፣ ስለ ግርጌ ማስታወሻው ነው። «እስቲ አንዱን ተረት ንገረን» ያለው የለም። ቢሉትስ ምን ይውጠው ነበር? ምናልባት ከወረቀቱ ላይ ያነብላቸው ነበር። በዋና ሙያ ተመርቆ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልዋኘ ሰው ማለት ነው። ይህን ስንል አንዱን ክፍል ወይም አንዱን መምህር መውቀሳችን አይደለም፤ ልማዱ እንዲህ ስለሆነ ነው። አሜሪካኖቹ መንገርን ይዘው ባለቤቱን ረሱ፤ እኛ ባለቤቱን ድረስ ሄደን መንገርን ጥለን ተመለስን።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በአንድ ተረት እንመልከት። በኩርላንደርና በሌስላው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘውንና በሌላም መልክ በየቤቱ የሚነገረውን የተራራውን እሳት ተረት አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ባለጸጋው ለአገልጋዩ «ሌሊቱን ሙሉ ያለ ልብስ፣ ያለ እሳት ተራራው ላይ ቆመህ ካደርክ ቤትና መሬት እሰጥሃለሁ» ይለዋል። አገልጋዩ ጨንቆት አንድ ሽማግሌ ያማክራል፤ ሽማግሌው ከማዶ ተራራ ላይ እሳት ያነድለታል። አገልጋዩ ዓይኑን ከማዶው እሳት ሳይነቅል ያድራል። ሲነጋ ባለጸጋው «እሳት አይተሃልና ሞቀሃል፤ ተሸንፈሃል» ይለዋል፤ ዳኛውም ይፈርድለታል። በኋላ አንድ ደግ ሰው ግብዣ ጠርቶ፣ ባለጸጋውና ዳኛው ባሉበት፣ የወጡን ሽታ ብቻ ከጓዳ እየላከ ምግብ ሳያቀርብ ያስቀምጣቸዋል። «የራቀ እሳት የሚያሞቅ ከሆነ የምግብ ሽታም ያጠግባል» የሚለውን የሚናገረው ያኔ ነው።

በወረቀት ላይ የግብዣው ነገር ጥቂት መስመር ነው። ዓይን ፈጥኖ ያልፈዋል፤ አንባቢው ፍርዱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ሲነገር ግን እንዲህ አይደለም። የሚችል ነጋሪ እዚህ ላይ ይዘገያል። እንግዶቹ ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ የቅቤው መዓዛ ይመጣል፤ ወሬ ያወራሉ፤ ወሬው ያልቃል፤ አንዱ ወደ ጓዳ ያያል። አድማጩም አብሮ ይራባል። ነጋሪው ዝም በሚልበት ልክ የባለጸጋው ጭካኔ በአድማጩ ሆድ ውስጥ ይገባል። የተረቱ ፍርድ ያለው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ይህን ዝምታ በአባሪ ውስጥ ማን ይገለብጠዋል? ምን ያህል እንደሚቆይስ በየትኛው ምዕራፍ ይጻፋል? የሚማሩት ሰው ፊት ቆመው፣ አንዴ አሳጥረው አንዴ አስረዝመው፣ አድማጩ ሲሰለች አይተው ነው።

ደግሞም ተረቱ ስለ ራሳችን ጉዳይ የሚናገረው ነገር አለ። አገልጋዩን ያዳነው የእሳቱ ሙቀት አልነበረም፤ ሙቀቱ አልደረሰውም። ያዳነው ከማዶ ስለ እሱ ሲል ያላንቀላፋ ሰው መኖሩን ማወቁ ነው። ተረት ነጋሪና አድማጭም እንዲህ ናቸው። በወረቀት ላይ ያለ ተረት እሳቱን ከሩቅ ያሳየን ይሆናል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ከማዶ የነቃ ሰው ከሌለ እሳቱ ራሱ ይጠፋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄያችን ደርሰናል። ፈታኙ ማን ይሁን? መልሱን ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። አገራችን በቃል የሚሰጥ ከፍተኛ ትምህርት ካቋቋመች ብዙ መቶ ዓመት ሆኗታል። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። «ይነግራል» የሚለውን ቃል ልብ በሉልን። መምህሩ ሰምቶ እዚያው ያርማል፤ ያልተዋጣለትን ይመልሰዋል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ አይቻልም። ስለ ቅኔ ብዙ ዕውቀት ያለው፣ ነገር ግን ቆሞ መቀኘት የማይችል ተማሪ ቅኔ ተቀኘ አይባልም። ፈተናው በጆሮ ነው፤ ፈታኙም ሙያው ራሱ ያለው ሰው ነው። ቅኔ በዚህ መንገድ ከተማረ፣ ተረት በዚህ መንገድ የማይማርበት ምክንያት አይታየንም።

ከውጭም ምስክር አለን። ሚልማን ፓሪና አልበርት ሎርድ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዩጎዝላቪያ የጀግና ዘፈን የሚዘፍኑ ሰዎችን ቀድተዋል። ከነሱ አንዱ አቭዶ መጄዶቪች ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ሲሆን ከ12,000 በላይ ስንኝ ያለው አንድ ዘፈን አስጽፏቸዋል። ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ዘፋኙ የሚማርበትን መንገድ በሦስት ይከፍለዋል። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይሰማል፤ ቀጥሎ ለብቻው ይሞክራል፤ በመጨረሻ ነገሩን በሚያውቅና በሚተች አድማጭ ፊት ይዘፍናል። ሦስተኛው ደረጃ ሳይደርስ ዘፋኝ አይባልም። የእኛ የዲግሪ ትምህርት ግን ከመጀመሪያው ደረጃ ግማሹን ወስዶ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዘሎ፣ በቀጥታ ወደ ጋውኑ ይሄዳል።

«ድምፅ እኮ ተሰጥዖ ነው፤ ትምህርት አያስፈልገውም» የሚሉ አሉ። እንደዚያ ከሆነ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማን ሁሉ እንዴት ነው የፊታውራሪ መሸሻንና የጉዱ ካሳን ድምፅ ሳንደነጋገር የምንለየው? ሰውየው የመድረክ ተዋናይ ነበር፤ ድምፁን በሥራ ያሠለጠነ ሰው። ተስፋዬ ሳህሉም፣ ሁላችንም አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ወደ መንገር የመጡት ከቴአትር ቤት ነው። ከ40 ዓመት በላይ ሠርተው፣ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ሲያርፉ ስንት ትውልድ እንዳለቀሰላቸው እናስታውሳለን። እነዚህ ሰዎች ተሰጥዖ ነበራቸው፤ ነገር ግን ተሰጥዖአቸውን ያረሙበት መድረክም ነበራቸው። ዛሬ ተረት መንገር የሚወድ ወጣት ያ መድረክ የት ነው ያለው? ዩኒቨርሲቲው መድረክ ቢሆነው ምን አለበት?

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ዲግሪ ሲሰጥበት ተረት ይሞታል፤ አያትን ከሙያዋ አባሮ ባለ ወረቀቱን ያነግሣል» ይባላል። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ በጆንስቦሮ ያየነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። መድኃኒቱ ግን ዲግሪውን መከልከል አይደለም፤ አያትን ከፈታኞች ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። ለዚህም ሥርዓቱ ራሱ በተረታችን ውስጥ ተቀምጦልናል። ነጋሪዋ «ተረት ተረት» ስትል አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ካልመለሰላት አትጀምርም። አድማጭ ካልፈቀደ ተረት የለም ማለት ነው። ስትጨርስ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትላለች። ይህችን አነጋገር ሁላችንም በልጅነታችን እንደ ማሳረጊያ ብቻ ሰምተን አልፈናታል። ልብ ብለን ብናያት ግን ሁለት ግዴታ ታስገባለች፤ ተረቱ ለነጋሪዋ ይመለስላት፤ ለደከመችበትም ይከፈላት።

ከዚህ ተነሥተን በዚህ ሙያ የሚሰጥ ሁለተኛ ዲግሪ ቢያንስ አራት ነገር ሊኖረው ይገባል እንላለን። አንደኛ፣ ተማሪው ቢያንስ አንድ የዝናብና አንድ የበጋ ወራት ከአንድ ነጋሪ ዘንድ ይቀመጥ፤ ማታ ማታ፣ ሥራ እያገዘ ይስማ፤ የአንድ ሳምንት ጉዞ መስማት አይባልም። ሁለተኛ፣ ተረቱን በተነገረበት ቋንቋ ይማር፤ ቋንቋውን ካልቻለ ያንን ተረት አይምረጥ። ሦስተኛ፣ ፈተናው በሦስት ጉባኤ ፊት ይሁን፤ በልጆች ፊት፣ በማያውቁት ሰዎች ፊት፣ በመጨረሻም ተረቱ በተገኘበት ቀበሌ በባለቤቶቹ ፊት። የቀበሌው ነጋሪዎች ድምፅ ከመምህራኑ ድምፅ እኩል ይቈጠር፤ እንደ ማንኛውም የውጭ ፈታኝም አበል ይከፈላቸው። አራተኛ፣ የተቀዳው ድምፅና የተጻፈው ተረት በሚያነቡት ቋንቋ ለቀበሌው ትምህርት ቤት ይመለስ። ይህ ካልሆነ ዲግሪው አይሰጥ።

ይህ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል ወይ? ሕንፃ አይጠይቅም፤ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የመኪና ኪራይ፣ ጥቂት አበልና ትዕግሥት ነው። ከባዱ ትዕግሥቱ ነው። አንድ ፕሮፌሰር ከአንዲት ፊደል ካልቆጠሩ እናት ጎን ተቀምጦ፣ እሳቸው «ይሄ ልጅ ገና ነው፤ ይመለስና ይስማ» ሲሉ እሺ ብሎ ውጤቱን መጻፍ አለበት። የማስተርስ ዲግሪ ክብር በዚህ ይቀንሳል የሚል ካለ፣ እኛ ይጨምራል ባዮች ነን።

ሥራስ ይገኛል ወይ? ይህን ጥያቄ ከቤተሰቦቻችን በፊት ራሳችን መጠየቅ አለብን። ለጊዜው «የተረት ነጋሪ ክፍት የሥራ ቦታ» የሚል ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ አይተን አናውቅም፤ በቅርቡም የምናይ አይመስለንም። ነገር ግን መንገር የሚችል ሰው መምህር ይሆናል፤ በሬዲዮ ይሠራል፤ ለልጆች ይጽፋል፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይሆናል። በአባሪ ብቻ የተመረቀ ግን በዚህ ሁሉ ቦታ እንደገና መማር ይኖርበታል። ስለዚህ ከጥቅም አንፃር እንኳ ቢታይ የሚያዋጣው መንገሩ ነው።

ለማመልከት ለምታስቡ ጓደኞቻችን የምንለው ይህን ነው። አትሂዱ አንልም፤ ሂዱ። ነገር ግን ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ክፍሉን ሦስት ነገር ጠይቁ። ተማሪው በትምህርቱ ዘመን ስንት ጊዜ ሰው ፊት ቆሞ ይነግራል? ከፈታኞቹ መካከል ከተረቱ ባለቤቶች ስንት ሰው አለ? ሥራው ሲያልቅ ተረቱ ወዴት ይመለሳል? ሦስቱንም «የለም» ካሏችሁ የምታገኙት ዲግሪ ስለ ተረት እንጂ የተረት አይደለም። ይህንንም አውቆ መግባት አንድ ነገር ነው፤ ሳያውቁ ገብቶ በመጨረሻው ዓመት መደንገጥ ሌላ።

እስከዚያው ግን የዩኒቨርሲቲውን ደንብ መሻሻል ቁጭ ብለን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም። ለእረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነጋሪ አለን። አንድ ተረት፣ አንድ ብቻ፣ እስክንችለው ድረስ እንማር። ስልኩን ኪስ ውስጥ እናስቀምጠው። ስንችለው መልሰን ለራሷ ለነጋሪዋ እንንገራት፤ ከሳቀችበት ቦታ አልፈናል፤ ካረመችን ገና ነን። ውጤቱን በዚህች መጽሔት ላይ ለማውጣት ገጽ እንለቃለን፤ ተረቱን ሳይሆን እርማቱን ነው የምናወጣው። የየትኛው አያት እርማት እንደሚበረታ ያኔ እናያለን።